ድቃቂ ጎማና አሮጌ አስፋልት በጅግጅጋና በሰሜናዊ የሶማሌ ክልል መንገዶች፦ የትኛው ለየትኛው መሬት?

በመንገድ ምሕንድስና የትምህርት ክፍሎቻችን ለሁለተኛ ዲግሪ ከሚመረጡ የጥናት ርእሶች መካከል ያገለገለ የተሽከርካሪ ጎማን ፈጭቶ ከሬንጅ ጋር ማዋሐድ ተደጋግሞ የሚታይ ርእስ ሆኗል። ተቆፍሮ የተነሣን አሮጌ አስፋልት መልሶ መጠቀምም ከእርሱ ጎን ለጎን ይነሣል። ሁለቱ ብዙውን ጊዜ «ቆሻሻን ወደ ሀብት መለወጥ» በሚል አንድ ማሰሪያ ታስረው ይቀርባሉ። ይህ አጭር ጽሑፍ ማሰሪያውን ለመፍታት ይሞክራል። ምክንያቱም ሁለቱ ቁሶች በሬንጅ ላይ የሚያመጡት ለውጥ አንድ አይደለም፤ ጎማው የመለጠጥና የመመለስ ባሕርይ ሲጨምር፣ አሮጌው አስፋልት ድርቀትና ጥንካሬ ይጨምራል። አንዱ የሚያድነውን መንገድ ሌላው ሊሰነጥቀው ይችላል።

ለማሳያነት የተመረጠው አካባቢ ጅግጅጋና ከእርሷ በስተሰሜንና በስተምሥራቅ ያሉት የሶማሌ ክልል ከተሞች ናቸው። ምርጫው ያለ ምክንያት አልተደረገም። በፋፈን ዞን ያለው የጅግጅጋ ሜዳና በሲቲ ዞን ያለው የሽንሌ፣ የአይሻና የደወሌ ቆላ በአንድ ክልል ውስጥ ቢሆኑም ለመንገድ ሠሪ ፍጹም የተለያዩ አገሮች ናቸው። በመጀመሪያው ዘንድ ችግሩ ከታች፣ ከአፈሩ ይመጣል፤ በሁለተኛው ዘንድ ከላይ፣ ከፀሐዩና ከጭነቱ ይመጣል።

ጎማ በሬንጅ ውስጥ ምን ይሆናል?

ጎማ በሬንጅ ውስጥ ይቀልጣል የሚል እምነት በሰፊው አለ። አይቀልጥም። ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማን በድኝ አብስሎ የማጠንከር ዘዴን ካገኘ ወዲህ፣ የተሽከርካሪ ጎማ የሚባለው ነገር ረጃጅም ሰንሰለቶቹ በድኝ ድልድዮች የተሳሰሩ ቁስ ነው። ድልድዮቹ ሳይበጠሱ መቅለጥ የለም። በተለመደው የአሠራር ሙቀት፣ ማለትም ከ175 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ባለው፣ ድቃቂው የሚያደርገው ማበጥ ነው። የሬንጁን ቀለል ያሉ ዘይታማ ክፍሎች ይመጥጣል፤ ባቄላ ውኃ ውስጥ አድሮ እንደሚያብጠው ሁሉ፣ ከመጀመሪያ ይዘቱ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ይህም ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል።

ከዚህ የሚከተሉት ነገሮች ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ ዘይቱ ስለተመጠጠበት የቀረው ሬንጅ ይወፍራል፤ ስለዚህም በቀትር ሙቀት በቀላሉ አይለሰልስም። ሁለተኛ፣ ያበጡት ድቃቂዎች ጭነት ሲያርፍባቸው ተጭነው፣ ሲነሣላቸው የሚመለሱ እንክብሎች ሆነው ውሕዱ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ስለዚህም ስንጥቅ መንገዱን አቋርጦ ለመሄድ ይቸገራል። በጎማው ውስጥ ያለው ጥቁር የካርቦን ብናኝ ደግሞ የሬንጁን እርጅና ያዘገያል። ሙቀቱ ወይም ጊዜው ከልክ ካለፈ ግን የድኝ ድልድዮቹ መበጠስ ይጀምራሉ፣ የተመጠጠው ዘይት ይለቀቃል፣ ውሕዱም መልሶ ይቀጥናል። ጥሩውና መጥፎው ውጤት የሚለያዩት በጥቂት ዲግሪዎችና በጥቂት ሰዓቶች ነው።

ይህ «እርጥብ ዘዴ» የሚባለው ሲሆን፣ ለመንገድ ሥራ ያደረሰው በአሪዞና ግዛት በፊኒክስ ከተማ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ቻርልስ ማክዶናልድ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ አጋማሽ ነበር። የጎማው መጠን ከጠቅላላው ማጣበቂያ ቢያንስ 15 በመቶ ሲሆን፣ በተግባር ከ18 እስከ 20 በመቶ የተለመደ ነው። «ደረቅ ዘዴ» የሚባለው በስዊድን የተጀመረ ሲሆን፣ ጎማውን እንደ ጠጠር ቆጥሮ ከ1 እስከ 3 በመቶ ከጠጠሩ ጋር ይደባልቃል። ደረቁ ዘዴ ልዩ ማሽን ስለማይፈልግ ለእኛ ዓይነቱ አገር ይመከራል ሲባል ይሰማል። በዚህ ጸሐፊ ግምት ግን ምክሩ ጥንቃቄ የጎደለው ነው። በደረቁ ዘዴ ድቃቂው ለማበጥ ጊዜ ስለማያገኝ፣ ማበጡን የሚጨርሰው መንገዱ ከተነጠፈና በሮሎ ከተዳመጠ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ንጣፉን ከውስጥ ይገፋዋል፣ ጠጠሩም መርገፍ ይጀምራል።

አንድ የፖሊሲ ታሪክም እዚህ ላይ ቢነሣ ይጠቅማል። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው የትራንስፖርት ሕግ፣ ክልሎች በፌዴራል ገንዘብ ከሚያነጥፉት አስፋልት የተወሰነው ድርሻ ድቃቂ ጎማ እንዲኖርበት አስገደደ። የጎማ ክምር ማስወገድ የሕጉ ዋና ፍላጎት ስለነበረ፣ ልምድ በሌላቸው ክልሎች የተሠሩ በርካታ መንገዶች ፈጥነው ተበላሹ፤ ግዴታውም እ.ኤ.አ. በ1995 ተሻረ። አሪዞና፣ ካሊፎርኒያ፣ ፍሎሪዳና ቴክሳስ ግን ያለ ግዴታም ቀጠሉ፤ ምክንያቱም አስቀድመው ለየትኛው ችግር እንደሚጠቀሙበት ያውቁ ነበር። በአፍሪካም ደቡብ አፍሪካ ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ጀምሮ በጎማ የታሸ ሬንጅን በተሰነጣጠቁ መንገዶች ላይ ትጠቀማለች።

አሮጌው አስፋልት

አስፋልት ሲያረጅ የሚጠፋው ነገር ትንሽ ነው። ጠጠሩ አለ፤ ሬንጁም በአብዛኛው አለ። የተለወጠው የሬንጁ ጠባይ ነው። ኦክስጅን እየገባበት ቀለል ያሉት ክፍሎች ወደ ከባዶቹ ይለወጣሉ፤ መርፌ የሚገባበት ጥልቀት ይቀንሳል፣ ማለስለሻ ሙቀቱ ይጨምራል። በአገራችን 80/100 ወይም 60/70 ተብሎ የተነጠፈ ሬንጅ ከዓመታት በኋላ ተወስዶ ቢፈተሽ ከ30 በታች ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1973 የደረሰው የነዳጅ ዋጋ ንረት ነው ዓለምን ወደዚህ ፍርፋሪ ያዞረው። ዛሬ በአሜሪካ በየዓመቱ ወደ 100 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ አሮጌ አስፋልት ተመልሶ ጥቅም ላይ ይውላል፤ በአዲስ ውሕዶች ውስጥም በአማካይ አንድ አምስተኛ ያህሉን ድርሻ ይይዛል። እኛ ዘንድ ምክንያቱ ይብሳል እንጂ አያንስም። የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ ካቆመ ወዲህ ለኢትዮጵያ የቀረበ ማጣሪያ የለም፤ እያንዳንዷ ኪሎ ሬንጅ በውጭ ምንዛሪ ተገዝታ፣ በዋናነት በጅቡቲ በኩል ትገባለች። አሮጌ አስፋልትን ወደ ገደል መድፋት ማለት አንድ ጊዜ በዶላር የተገዛን ሬንጅ መድፋት ነው።

ሆኖም በክልሉ ያለው አሮጌ የመንገድ ሽፋን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በወፍራም አስፋልት ኮንክሪት የተሠራ መንገድ ሲታረስ ንጹሕ ፍርፋሪ ይሰጣል። ሬንጅ ተረጭቶ ጠጠር የሚበተንበት ድርብ የገጽ ሽፋን ግን ውፍረቱ ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ሲነሣ ከሥሩ ካለው የቤዝ ኮርስ ጠጠርና አፈር ጋር ተደባልቆ ይወጣል። ይህን ድብልቅ ወደ አስፋልት ማብሰያ ማሽን መልሶ ማስገባት ከንቱ ድካም ነው። ለእርሱ የሚስማማው ባለበት ቦታ፣ ሳይሞቅ፣ ከቤዝ ኮርሱ ጋር ከ15 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ ፈጭቶ በጥቂት ሲሚንቶ ወይም በሬንጅ ኢሙልሽን ማጠንከር ነው። ሲሚንቶ በድሬዳዋ ይመረታል። በመጓጓዣ ረገድ ይህ ለጅግጅጋ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለት ዓይነት መሬት

ጅግጅጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ናት። ከሐረር ሲመጡ የባቢሌን የድንጋይ ቁልሎችና የካራማራን ተራራ አልፈው ወደ ሜዳው ሲወርዱ፣ አፈሩ ወደ ጥቁር ዋልካ ይለወጣል። የመስኩ ለምነት ለአርሶ አደሩ በረከት ነው፤ ለመንገድ ሠሪው ግን ፈተና ነው። በዝናብ ጊዜ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራልና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የመንገዱ መሐል በአስፋልት ስለተሸፈነ እርጥበቱ ብዙ አይለዋወጥም፤ ዳርና ዳሩ ግን በየወቅቱ ይረጥባል፣ ይደርቃል። በውጤቱ ከመንገዱ ትከሻ አጠገብ፣ ከመንገዱ ርዝመት ጋር ትይዩ የሆኑ ስንጥቆች ይወጣሉ። እነዚህን ስንጥቆች ተከትሎ ውኃ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ማንኛውም የመንገድ ሰው ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ግልጽ መሆን ያስፈልጋል። በማጣበቂያው ውስጥ ምንም ያህል ጎማ ቢጨመር ከሥር የሚያብጥ አፈርን አያስቆምም። አፈሩን ቆርጦ መለወጥ፣ በኖራ ማከም፣ ትከሻውን ማስፋትና ማሸግ፣ ውኃ መውረጃውን ከመንገዱ ማራቅ መቅደም አለባቸው። ጎማ ጠቃሚ የሚሆነው እነዚህ ተደርገው፣ አፈሩ ከታከመም በኋላ የሚቀረውን ጥቂት እንቅስቃሴ ንጣፉ ሳይሰነጠቅ እንዲችለው ለማድረግ ነው። ለዚህ የሚስማማው ደግሞ ንጣፉን በሙሉ በጎማ ውሕድ መሥራት ሳይሆን፣ በጎማ የታሸ ሬንጅን በአሮጌው ስንጥቅ ገጽ ላይ በካሬ ሜትር 2.5 ኪሎ ገደማ ረጭቶ፣ ጠጠር በትኖበት፣ እንደ ትራስ ከአዲሱ ንጣፍ ሥር ማኖር ነው። ከታች ያለው ስንጥቅ ሲከፈትና ሲዘጋ ትራሱ ይለጠጣል፤ ስንጥቁ ወደ ላይ የሚወጣበት ጊዜ ይዘገያል። ብዙ አሮጌ አስፋልት ያለበትን ደረቅ ውሕድ በዋልካ ላይ ማንጠፍ ግን ሸክላ ምጣድን በስፖንጅ ላይ እንደ ማስቀመጥ ነው።

ወደ ሲቲ ዞን ስንወርድ ነገሩ ይገለበጣል። ከድሬዳዋ በሽንሌና በአይሻ በኩል ወደ ደወሌ የሚደርሰው፣ 220 ኪ.ሜ. ገደማ የሚረዝመውና በክፍያ የሚያገለግለው መንገድ ወደ ጅቡቲ የሚወርደውንና ከጅቡቲ የሚወጣውን ከባድ ጭነት ይሸከማል። በዚህ ቆላ የአስፋልቱ ገጽ ሙቀት በቀትር ከአየሩ ሙቀት በ20 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊበልጥ ይችላል። የሚያሰጋው ስንጥቅ ሳይሆን ጎማ በሚሄድበት መስመር ላይ የሚፈጠረው ቦይ ነው፤ በተለይ ዳገት በሚዘልቁበት፣ ተሽከርካሪ ቀስ በሚልባቸውና በፍተሻ ኬላዎች ደጃፍ። እዚህ የአሮጌ አስፋልት ድርቀት ጥቅም ይሆናል። ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ንጹሕ ፍርፋሪ የተጨመረበት ውሕድ ያለ ምንም ውድ ማጠንከሪያ ቦይን ይቋቋማል። በቆላው የታረሰው ሬንጅ በሙቀቱ ምክንያት ይበልጥ ያረጀ ስለሚሆን፣ ከእያንዳንዱ ክምር ሬንጁ ተለይቶ መፈተሽ አለበት፤ የአንዱ ክምር ውጤት ለሌላው አይበደርም።

ጭነቱን በተመለከተ፣ የአገራችን የመንገድ ዲዛይን መመሪያ የሚጠቀምበት ስሌት የአንድ አክስል ጉዳት በጭነቱ መጠን በ4.5 ኃይል እንደሚያድግ ይወስዳል። በመመዘኛው 8.16 ቶን የሆነው አክስል አንድ ጉዳት ካደረሰ፣ 10 ቶኑ 2.5 ያህል፣ 12 ቶኑ ደግሞ ከ5.6 በላይ ያደርሳል። የበርበራ ወደብ ከተስፋፋና ከበርበራ እስከ ድንበሩ ያለው መንገድ ከታደሰ ወዲህ የጅግጅጋ–ቶጎ ውጫሌ መስመር ጭነት ይጨምራል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በዚህ መስመር ላይ ገኖ የሚታወቀው ከአወዳይ ተነሥቶ ወደ ሐርጌሳ የሚበርረው የጫት መኪና ነበር። እርሱ በፍጥነቱ ሰውን ያስፈራል እንጂ በክብደቱ መንገድን አያስፈራም። ሲሚንቶና ስንዴ የጫነ ባለ ተሳቢ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ስሌቱ ምን ይላል?

ብዙ ጽሑፎች «ጎማ ሬንጅ ይቆጥባል» ይላሉ። ይህን በአንድ ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ እንፈትሸው። ስፋቱ 7 ሜትር፣ የላይኛው ንጣፍ 5 ሴንቲ ሜትር፣ የተዳመጠው ውሕድ በሜትር ኩብ 2.35 ቶን ይሁን። ጠቅላላ ውሕዱ 822 ቶን ይሆናል። በተለመደው ውሕድ ማጣበቂያው 5 በመቶ ነው ብንል 41 ቶን ሬንጅ ያስፈልጋል።

በጎማ የታሸ ሬንጅ ወፍራም ስለሆነ ከተለመደው የጠጠር ስብጥር ጋር አይስማማም፤ መሐል መሐሉ የተዘለለ፣ ክፍተት ያለው ስብጥር ይፈልጋል፤ ማጣበቂያውም ወደ 7.5 በመቶ ከፍ ይላል። ስለዚህ ያው 822 ቶን ውሕድ 62 ቶን ማጣበቂያ ይወስዳል። ከዚህ 18 በመቶው፣ ማለትም 11 ቶኑ ጎማ ቢሆን፣ የቀረው 51 ቶን ገደማ ንጹሕ ሬንጅ ነው። በተመሳሳይ ውፍረት እንግዲህ ጎማ ሬንጅ አልቆጠበም፤ እንዲያውም 10 ቶን ያህል ጨመረ።

ቁጠባው የሚመጣው ውፍረቱ ሲቀንስ ብቻ ነው። የካሊፎርኒያ የመንገድ መሥሪያ ቤት ለአሮጌ ስንጥቅ መንገድ ሽፋን የጎማ ውሕድ ከተለመደው እስከ ግማሽ በሚደርስ ውፍረት እንዲነጠፍ ይፈቅዳል። እኛ ያን ያህል ሳንደፍር 3 ሴንቲ ሜትር ብንወስድ፣ ውሕዱ ወደ 494 ቶን፣ ማጣበቂያው ወደ 37 ቶን፣ ንጹሕ ሬንጁ ወደ 30 ቶን ይወርዳል። ይህ ከተለመደው በአንድ አራተኛ ያነሰ ነው። ግን ቁጠባው የቆመው ቀጭኑ ንጣፍ እንደ ወፍራሙ ያገለግላል በሚለው ግምት ላይ ነው፤ ግምቱም የተፈተነው ጽኑ መሠረት ባላቸው መንገዶች ላይ እንጂ በዋልካ ላይ አይደለም።

አሮጌውን አስፋልት በተመሳሳይ ሚዛን እንየው። 822 ቶን ውሕድ ውስጥ 20 በመቶ ፍርፋሪ ማለት 164 ቶን ነው፤ በውስጡ 5 በመቶ ሬንጅ ካለው 8 ቶን ያህል ሬንጅ ይዞ ይመጣል። አሮጌው ሬንጅ በሙሉ ከአዲሱ ጋር ይዋሐዳል ወይስ ከፊሉ ከጠጠሩ ጋር ተጣብቆ እንደ ጥቁር ድንጋይ ይቀራል የሚለው አከራካሪ ስለሆነ፣ ጥንቁቅ ሰው ከ8 ቶኑ ላይ ይቀንስ። ቢቀነስም ቁጠባው ያለ ጎማ መፍጫ፣ ያለ ልዩ ማብሰያ ታንከር፣ በነባሩ ማሽን ላይ አንድ ማስገቢያ በመጨመር የሚገኝ ነው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀምሮ ጅግጅጋን ጨምሮ ወደ ክልል ከተሞች የተስፋፋው የኮሪደር ልማት ብዙ አሮጌ መንገድ እንዲነሣ አድርጓል። ፍርፋሪው ከአፈርና ከአርማታ ስብርባሪ ሳይደባለቅ ለብቻው እንዲከመር ማዘዝ ብቻውን የዚህን ሥራ ግማሽ ይሆናል።

ጎማው ከየት ይመጣል?

አንድ የከባድ መኪና ጎማ ሽቦውና ጨርቁ ወጥቶለት 30 ኪሎ ድቃቂ ይሰጣል ብለን ብንነሣ፣ ለ3 ሴንቲ ሜትሩ ንጣፍ የሚያስፈልገው 6.7 ቶን ጎማ ከ220 በላይ ጎማዎችን ይጠይቃል። ይህ ዐሥር ባለ 22 ጎማ ተሳቢዎች አንድ ጊዜ ጎማቸውን ሲለውጡ የሚወርድ ነው። ከንጣፍ ሥር ለሚረጨው ትራስ ደግሞ 3.5 ቶን ይበቃል፤ የአምስት ተሳቢዎች ጎማ ማለት ነው። ከጅቡቲ መስመር አንጻር ይህ ብዙ አይደለም።

ችግሩ ጎማው መኖሩ ላይ ሳይሆን በማን እጅ እንዳለ ነው። በኢትዮጵያ ያገለገለ ጎማ በአብዛኛው ባለቤት አለው። በረባሶ ሠሪው ይገዛዋል፤ የውስጥ ከመነዳሪውም ተቆርጦ የጭነት ማሰሪያ ይሆናል። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የጎማ ቁራጭ ዋጋ እንዳለው ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። የጎማ መፍጫ ሲቋቋም የእነዚህን ሰዎች ጥሬ ዕቃ መሻማቱ አይቀርም። ነገር ግን በረባሶ ሠሪ በቢላዋ የሚቆርጠው ሽቦ የሌለውን ጎማ ነው፤ በሽቦ የተሠራው ዘመናዊ የከባድ መኪና ጎማ ለእጅ መሣሪያ አይበገርም። ስለዚህ በጎሚስታው ደጃፍ የሚከማቸውና በመጨረሻ ሜዳ ላይ የሚቃጠለው ይኸው ባለ ሽቦ ጎማ ነው። መልካሙ ዕድል የከባድ መኪና ጎማ ከትንንሽ መኪኖች ጎማ ይልቅ የተፈጥሮ ጎማ የሚበዛበት መሆኑ ነው፤ ይህም በሬንጅ ውስጥ የተሻለ ያብጣል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ያገለገሉ ጎማዎችን ለይቶ ስለሚያነሣ፣ ሕጋዊ መሠረቱ ከባዶ የሚጀመር አይደለም።

ሌላው ገደብ ርቀት ነው። ያበጠው ድቃቂ ከሬንጁ ስለሚከብድ ካልተማሰለ ወደ ታች ይዘቅጣል። በአዲስ አበባ ታሽቶ ከ600 ኪ.ሜ. በላይ በቦቴ ተጉዞ ጅግጅጋ የሚደርስ ውሕድ ከላይ ሬንጅ፣ ከታች ጎማ ሆኖ ይደርሳል። ማሸት ያለበት በሥራው ቦታ፣ ማማሰያ ባለው ታንከር ነው። ጎማውን ግን ድቃቂ ሆኖ በጆንያ ማጓጓዝ ይቻላል፤ ስለዚህ መፍጫው ጎማው በሚበዛበት በድሬዳዋ፣ ማሻው በጅግጅጋ ቢሆን ያስኬዳል።

ስለ ውኃው አንድ ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። በሐርሺን፣ በሐርታ ሼክና በአውበሬ በኩል ያለው አርብቶ አደር የዝናብ ጎርፍን በቢርካ አጠራቅሞ ራሱ ይጠጣል፣ ከብቱንም ያጠጣል። መንገድ ደግሞ የጎርፍ ሰብሳቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ጎማን ከመሰነጣጠቅ ለመጠበቅ የሚጨመር አንድ ኬሚካል ከኦዞን ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረው ውጤት በአንድ የሳልሞን ዝርያ ላይ ገዳይ መሆኑን አሳይቷል። ይህ የተገኘው በመንገድ ላይ ከሚፋቅ ከማንኛውም ጎማ ነው፤ በሬንጅ ታሽጎ የተቀመጠ ድቃቂ ያነሰ እንደሚለቅ መገመት ይቻላል። ሆኖም ጠጠሩ በሚረግፍ የጎማ ንጣፍ ላይ የወረደ ውኃ ቢርካ ውስጥ የሚገባ ከሆነ፣ ዚንክንና እነዚህን ኬሚካሎች መለካት የመንገዱ ዲዛይን አካል እንጂ የሌላ ሰው ሥራ ተደርጎ መተው የለበትም። ከንጣፍ ሥር የሚቀበረው ትራስ ገጹ ለውኃና ለመፋቅ ስላልተጋለጠ፣ በዚህም ረገድ የተሻለ ምርጫ ይመስላል።

ለተመራማሪ የሚተርፍ ማስታወሻ

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩ ጥናቶች ተገቢውን የጎማ መጠን የሚመርጡት በአብዛኛው በማርሻል ሙከራ ነው። ጥንካሬው ከፍ ያለበት መጠን «ምርጥ» ተብሎ ይወሰዳል። ነገር ግን የማርሻል ጥንካሬ ናሙናው አንድ ጊዜ ተጨምቆ የሚሰበርበት ኃይል ነው፤ ጎማ የሚጠቅመው በአንድ ጊዜ ስብራት ላይ ሳይሆን በብዙ ሺህ ድግግሞሽ ላይ ነው። ጎማ ሲጨመር የማርሻል ጥንካሬ ቢቀንስና መላሸቁ ቢጨምር ውሕዱ ከፋ ማለት አይደለም። በተቃራኒው፣ ጥቂት ጎማ ጨምሮ ጥንካሬው ከፍ ያለ ውሕድ በዋልካ ላይ የሚፈለገው የመለጠጥ ባሕርይ ላይኖረው ይችላል። ከዚህም ሌላ፣ ናሙናው ሳይቀዘቅዝ ከቅርጹ ከወጣ ጎማው መልሶ ስለሚያብጥ ክፍተቱ ከፍ ብሎ ይለካል። የመመለስ ባሕርይን የሚለካ ሙከራ፣ በሚሞቅ ውኃ ውስጥ የሚደረግ የጎማ ቦይ ሙከራና የተደጋጋሚ መታጠፍ ሙከራ ካልታከሉ የጎማ ጥናት ያልተሟላ ነው። መሣሪያዎቹ በሁሉም ቤተ ሙከራ አይገኙም፤ በቀላል ዕቃ የሚሠራውን የመመለስ ሙከራና የሬንጅ ማለስለሻ ሙከራን ግን ማንም ሊሠራ ይችላል።

ቀጣዩ እርምጃ ቤተ ሙከራውን ለቅቆ መውጣት ነው። በጅግጅጋ–ቶጎ ውጫሌ መስመር ላይ በዋልካ የሚያልፍ አንድ ኪሎ ሜትር ተመርጦ በአራት ቢከፈል ይበቃል፦ 250 ሜትር በተለመደው ንጣፍ፣ 250 ሜትር ከሥሩ የጎማ ትራስ ባለው፣ 250 ሜትር ባለበት ተፈጭቶ በሲሚንቶ በተጠናከረ አሮጌ መንገድ ላይ፣ የቀረው 250 ሜትር ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን በአንድነት ይዞ። የአፈሩ ሕክምናና ትከሻው በአራቱም አንድ ዓይነት ይሁን፤ አለበለዚያ የሚለካው ጎማው ሳይሆን የአፈሩ ልዩነት ይሆናል። የስንጥቁ ርዝመት የሚቆጠረው በበልጉ ዝናብ ማግስት፣ ሶማሌዎች ከረን የሚሉት የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሲያበቃና በበጋው መጨረሻ፣ በዓመት ሦስት ጊዜ ነው። ከሦስቱ ዋነኛው የበጋው ቆጠራ ነው፤ ዋልካው እጅግ የሚኮማተረውና ስንጥቁ አፉን የሚከፍተው ያን ጊዜ ነውና።